ዊንዶውስ 10 ላይ እንቆይ ወይስ ወደ 11 እንሻገር?

የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አበቃ። ከዚያ ወዲህ ደብረ ማርቆስም ይሁን ቡሬ፣ ፍኖተ ሰላምም ይሁን ሞጣ፣ ኮምፒውተር ያለበት ቤት ሁሉ ይህን ጥያቄ ይዟል። ጥገና ቤት ሲጠየቅ የሚሰማው መልስ ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ «ፎርማት እናድርገውና 11 እንጫንበት»። ለአንዳንዱ ማሽን መልሱ ትክክል ነው፤ ለብዙው ግን አይሆንም። ማይክሮሶፍት ያሳለፈው ማሽን ሁሉ 11ን በወጉ አይሸከምም፤ የጣለው ሁሉም የሚጣል አይደለም። መወሰን ያለበት ጠረጴዛችሁ ላይ ያለው ማሽን ታይቶ ነው።

በቅድሚያ ስጋቱን ልክ እናስይዘው። ድጋፍ አበቃ ሲባል ኮምፒውተሩ ሥራ አቆመ ማለት አይደለም። ይበራል፣ ይጽፋል፣ ያትማል። የቆመው በፈረንጆቹ ወር ሁለተኛ ማክሰኞ እየጠበቀ ይመጣ የነበረው የደኅንነት ማስተካከያ ነው። ኢንተርኔት የማይነካ፣ ፈተናና ደብዳቤ ብቻ የሚተየብበት ኮምፒውተር ከሆነ ዋናው አደጋ ከሰው ፍላሽ የሚመጣ ቫይረስ ነው፤ እሱ ደግሞ 11 ላይም አለ። የባንክ ሂሳብ የሚታይበትና ኢሜይል የሚከፈትበት ከሆነ ግን ሳይደፈን የቀረው ቀዳዳ በየወሩ ይበዛል።

አሮጌ ዊንዶውስን በመጨረሻ ከጥቅም ውጪ የሚያደርገው ብራውዘሩ ነው። ዊንዶውስ 7 ድጋፉ ያበቃው ጥር 5 ቀን 2012 ዓ.ም. ሲሆን ክሮም ግን እስከ 109ኛው እትም ድረስ ሦስት ዓመት ያህል አብሮት ቆየ። ድረ ገጾች «ብራውዘርዎን ያድሱ» እያሉ መመለስ የጀመሩት ከዚያ በኋላ ነው። ለዊንዶውስ 10 ማይክሮሶፍት የኤጅ ብራውዘርንና የራሱን አንቲቫይረስ፣ የዲፌንደርን የቫይረስ መለያ ቢያንስ እስከ ጥቅምት 2021 ዓ.ም. ድረስ ማደሱን እንደሚቀጥል አስታውቋል። ስለዚህ ተረጋግቶ ለመወሰን ጊዜ አለ፤ ሳይቸግር ጤፍ ብድር አያስፈልግም።

ጊዜውን የሚያራዝም ሌላም መንገድ አለ። የተራዘመ የደኅንነት ማስተካከያ የሚባለው አገልግሎት ለቤት ተጠቃሚ እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. ይሠራል። ሦስት መግቢያ አለው። አንደኛው 30 ዶላር መክፈል፣ ሁለተኛው 1000 የማይክሮሶፍት ሪዋርድስ ነጥብ፣ ሦስተኛው ደግሞ ኮምፒውተሩን በማይክሮሶፍት አካውንት ከፍቶ ሴቲንጉ ከአካውንቱ ጋር ሲንክ እንዲሆን መፍቀድ ነው። የዶላር ካርድ ለሌለው ሰው ሦስተኛው ነጻና ቀላል ነው። ዊንዶውሱ 22ኤች2 የተባለው የመጨረሻው እትም መሆን አለበት። ይህን ለማወቅ የዊንዶውስን ቁልፍ ከአር ጋር ተጭናችሁ በእንግሊዝኛ ፊደል «ዊንቨር» ብላችሁ ጻፉ። እትሙ ያነሰ ከሆነ መጀመሪያ ያንን አድሱ። መመዝገቢያው ሴቲንግ ውስጥ፣ አፕዴት ኤንድ ሴኪውሪቲ፣ ዊንዶውስ አፕዴት በሚለው ገጽ ላይ ይገኛል።

ማሽኑን ማንበብ

የዊንዶውስ ቁልፍና አር፣ ከዚያ በእንግሊዝኛ ያለ ክፍተት «ኤምኤስኢንፎ32»። የሚከፈተው ገጽ ላይ የሚፈለጉት መስመሮች አምስት ናቸው፤ ፕሮሰሰር፣ ሲስተም ታይፕ፣ ባዮስ ሞድ፣ ሴኪውር ቡት ስቴት፣ ኢንስቶልድ ሜሞሪ። በስልክ ፎቶ አንሱት። ጥገና ቤት ስትሄዱም፣ ዕቃ ስታዝዙም ያ ፎቶ ነው የሚያግባባችሁ።

ዋናው ፕሮሰሰሩ ነው። ሻጮች «ኮር አይ5» ብለው ያልፉታል፤ ዕድሜውን የሚናገረው ግን ከሰረዙ ቀጥሎ ያለው ቁጥር ነው። አይ5-6300ዩ 6ኛ ጄኔሬሽን ነው፣ አይ5-8350ዩ 8ኛ፣ አይ5-10210ዩ 10ኛ፣ አይ7-1165ጂ7 ደግሞ 11ኛ። ዊንዶውስ 11 በይፋ የሚቀበለው፣ ከጥቂት ልዩ ሞዴሎች በቀር፣ ከ8ኛ ጄኔሬሽን ጀምሮ ነው። አይ7 ስለሆነ ብቻ አያልፍም፤ 6ኛ ጄኔሬሽን አይ7 ይወድቃል፣ 8ኛ ጄኔሬሽን አይ3 ያልፋል። ከኤኤምዲ ወገን ራይዘን 2000 ከሚባለው ተከታታይ የገባው ከፊሉ ብቻ ስለሆነ በግምት አትወስኑ፤ ፒሲ ሄልዝ ቼክ የሚባለውን የማይክሮሶፍት መመርመሪያ ጫኑና እሱ ይንገራችሁ።

እኛ አካባቢ በስላይትሊ ዩዝድ ስም የሚሸጡት የቢሮ ላፕቶፖች ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናቸው። ኤችፒ ኤሊትቡክ 840 ጂ3 6ኛ ጄኔሬሽን ነው፣ ጂ4 7ኛ፣ ጂ5 በአብዛኛው 8ኛ። ሌኖቮ ቲንክፓድ ቲ470 6ኛ ወይም 7ኛ ነው፣ ቲ480 በአብዛኛው 8ኛ። «በአብዛኛው» ያልሁት በምክንያት ነው። ጂ5ም ቲ480ም 7ኛ ጄኔሬሽን ፕሮሰሰር ገብቶባቸው የተሸጡ አሉ፤ ስለዚህ ገንዘብ ከመቁጠራችሁ በፊት ክዳኑ ላይ ያለውን ስም ትታችሁ ስክሪኑ ላይ ያለውን ቁጥር አንብቡ። እግረ መንገዳችሁን ኮምፒውተሩ ሲበራ ከዊንዶውስ ቀድሞ የሚነሣው ባዮስ ውስጥም ግቡ፤ ሲበራ የሚጫኑት ቁልፍ ኤችፒ ላይ ኤፍ10፣ ዴል ላይ ኤፍ2፣ ቲንክፓድ ላይ ኤፍ1 ነው። ፓስወርድ ከጠየቀና ሻጩ ካላወቀው ማሽኑን ተዉት። የውጭ አገር ድርጅት የቆለፈው ባዮስ ካልተከፈተ 11 የሚጠይቃቸው ሁለት ጥበቃዎች፣ ሴኪውር ቡትና ቲፒኤም፣ ጠፍተው ከሆነ ማብራት አይቻልም፤ ፕሮሰሰሩ 8ኛ ጄኔሬሽን ቢሆንም 11ን የመጫኑ መንገድ እዚያው ይዘጋል።

ቲፒኤም የምስጢር ቁልፎችን የሚያስቀምጥ ትንሽ ቺፕ ነው፤ 2.0 መሆን አለበት። በዚያው በዊንዶውስ ቁልፍና አር በሚከፈተው ሳጥን በእንግሊዝኛ «ቲፒኤም» ነጥብ «ኤምኤስሲ» ብላችሁ ስትጽፉ እትሙ ይታያል። «አልተገኘም» ካለ ብዙ ጊዜ የለም ማለት ሳይሆን ባዮስ ውስጥ ጠፍቷል ማለት ነው፤ ኢንቴል ላይ ፒቲቲ፣ ኤኤምዲ ላይ ኤፍቲፒኤም በሚል ስም ፈልጉት።

ሲስተም ታይፕ ላይ ኤክስ86 የሚል ካያችሁ የተጫነው ዊንዶውስ 32 ቢት ነው። ዊንዶውስ 11 በ64 ቢት ብቻ ስለሚመጣ ከዚያ በቀጥታ ማሻገር አይቻልም፤ ከባዶ መጫን ነው። 4 ጊጋ ራም ያላቸው አሮጌ ማሽኖች ላይ ይህ በብዛት ያጋጥማል።

አሁን ወደ ሚዛኑ እንምጣ። በወረቀት ላይ 11 የሚጠይቀው 4 ጊጋ ራምና 64 ጊጋ ማከማቻ ነው። ሴሌሮን ኤን4020 ፕሮሰሰር፣ 4 ጊጋ ራምና 64 ጊጋ ኢኤምኤምሲ የሚባል ማከማቻ ያላት ርካሽ ላፕቶፕ ይህን ፈተና ታልፋለች። ሲጫንባት ግን ዊንዶውሱና አፕዴቱ ማከማቻውን ይሞሉታል፣ ክሮም ሦስት ገጽ ሲከፍት ራሙ ያልቃል፣ በዓመቱ የሚመጣው ትልቁ አፕዴት ደግሞ ቦታ አጥቶ ይከሽፋል። ከእጅ አይሻል ዶማ የሚባለው ይህ ነው። በሌላ በኩል አይ5-6300ዩ ከ8 ጊጋ ራምና ከ256 ጊጋ ኤስኤስዲ (የማይሽከረከር ፈጣን ዲስክ) ጋር ፈተናውን ይወድቃል፤ ለቤት ሥራ ግን ከዚያችኛዋ በብዙ ይፈጥናል።

ስለዚህ እኔ የምቆምበት ልክ 8 ጊጋ ራምና ኤስኤስዲ ነው። ሁለቱ ሳይሟሉ 11 አይጫን። ያላችሁን ለማወቅ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ አንድ ላይ ተጭናችሁ ፐርፎርማንስ የሚለውን ክፈቱ። ዲስክ 0 ሥር ኤስኤስዲ ወይም ኤችዲዲ ይላል። ሜሞሪ ሥር ደግሞ ስንት የራም ቦታ እንዳለና ስንቱ እንደተያዘ ይነግራችኋል፤ ከሁለቱ አንዱ ባዶ ከሆነ 4 ጊጋ መጨመር ቀላል ነው። የሚሽከረከረውን ሃርድ ዲስክ በኤስኤስዲ መቀየር ከማንኛውም የዊንዶውስ እትም በላይ ማሽኑን ያነቃዋል። ገንዘቡ ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ከሆነ ለእሱ ይዋል።

ዕቃው ከመርካቶ የሚታዘዝ ከሆነ ግን ተጠንቀቁ። ከጎሃ ጽዮን ወርዶ፣ ዓባይን ተሻግሮ፣ ደጀን ወጥቶ የመጣ ራም ሳይገጥም ሲቀር የመመለሻው ነገር ከባድ ነው። የላፕቶፕ ራም ዲዲአር3ኤልና ዲዲአር4 አለው፤ ማስገቢያ ጥርሳቸው ስለሚለያይ አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም። 4ኛና 5ኛ ጄኔሬሽን ዲዲአር3ኤል ናቸው። 6ኛው ከሁለቱ አንዱ ሊሆን ይችላል፤ ቲንክፓድ ቲ460 ለምሳሌ 6ኛ ጄኔሬሽን ሆኖ ዲዲአር3ኤል ነው። የኋላ ክዳኑን ከፍታችሁ በነባሩ ራም ላይ የተለጠፈውን አንብቡ፤ ፒሲ3ኤል ወይም ፒሲ4 ይላል። ኤስኤስዲም እንዲሁ ነው። ባለ 2.5 ኢንቹ ሳታ በሃርድ ዲስኩ ቦታ ይገባል፣ አያከራክርም። ኤም.2 የሚባለው ቀጭኑ ግን ሳታም ኤንቪኤምኢም ሊሆን ይችላል። ማስገቢያው ሳታ ብቻ የሚያነብ ከሆነ ኤንቪኤምኢው ቢገባም ኮምፒውተሩ አያየውም። እርግጠኛ ካልሆናችሁ 2.5 ኢንቹን እዘዙ።

በዚያ ኮምፒውተር ምን ይሠራበታል?

ፕሮሰሰሩ ቢያልፍም የሚይዛችሁ ሶፍትዌር ሊኖር ይችላል። የሂሳብ ሥራ የሚሠራ ሰው ቤት ፒችትሪ አለ። አሮጌዎቹ የፒችትሪ እትሞች ለዊንዶውስ ኤክስፒና ለ7 ዘመን የተሠሩ ናቸው፤ ከሥር የሚያንቀሳቅሳቸው ዳታቤዝ ለብቻው ስለሚጫን ዊንዶውስ ሲቀየር የሚሰናከለው እሱ ነው። የበጀት ዓመቱ ሰኔ ላይ ሊዘጋ ሲል ወደ 11 አትሻገሩ። ሐምሌም ያው ሂሳብ ማጠቃለያ ስለሆነ ጥሩ አይደለም። ከመሻገር በፊት በራሱ በፒችትሪ ባክአፕ አውጡና ሌላ 11 ያለበት ማሽን ላይ ከፍታችሁ ሞክሩት።

አማርኛ ለሚተይብ ሰው ደግሞ ፎንቱ አለ። በቪዥዋል ግዕዝና በመሰል አሮጌ ፕሮግራሞች የተጻፉ ሰነዶች ዩኒኮድ አይደሉም፤ ፊደሉ በእንግሊዝኛ ፊደላት ቦታ ላይ የተቀመጠ ሥዕል ነው ማለት ይቻላል። ፎንቱ ከሌለ ሰነዱ ሲከፈት ትርጉም የሌለው ምልክት ይሆናል። ከፎርማት በፊት የፎንት ፎልደሩን ቅዱ። አሮጌ ሰነዶቻችሁን ወደ ፒዲኤፍ ቀይራችሁ አስቀምጡ፤ የቤተ ዘመድ የትውልድ ሐረግም ይሁን የዕድር መዝገብ፣ በዚያ ፎንት የተጻፈ ሁሉ አንድ ቀን የሚከፍተው ይጠፋል።

ኒያላ የሚባለው የአማርኛ ፎንትም ብዙ ሰው ያስደነግጣል። ዊንዶውስ 10ም ሆነ 11 ከባዶ ሲጫን የአማርኛ ቋንቋ ካልተጨመረበት ኒያላ አብሮ አይገባም፤ አማርኛው ኢብሪማ በሚባል ሌላ ፎንት ይታያል። በኒያላ ተጽፎ በልክ በሁለት ገጽ ያለቀ ፈተና ወደ ሦስተኛ ገጽ ይሻገራል። መፍትሔው ሴቲንግ ውስጥ ኦፕሽናል ፊቸርስ የሚለውን ከፍቶ ኢትዮፒክ ሰፕልመንታል ፎንትስ የሚለውን መጨመር ነው፤ ኢንተርኔት ይፈልጋል። ለመተየብ ኪይማን የሚባለው ፕሮግራም ነጻ ነው፤ የሚጽፈውም በዩኒኮድ ነው።

ማን ይሻገር፣ ማን ይቆይ

8ኛ ጄኔሬሽንና ከዚያ በላይ ሆኖ 8 ጊጋ ራምና ኤስኤስዲ ያለው ይሻገር። ለማዘግየት ምክንያት የለውም።

8ኛ ጄኔሬሽን ሆኖ ሃርድ ዲስኩ አሮጌው ከሆነ መጀመሪያ ኤስኤስዲ ይግባ።

6ኛና 7ኛ ጄኔሬሽን ላይ ያለ ሰው በተራዘመው ማስተካከያ ተመዝግቦ ዊንዶውስ 10 ላይ ይቆይ፤ ጊዜው ሲያልቅ ሊኑክስ ወደሚባለው፣ ዊንዶውስን ወደሚተካው ነጻ ሲስተም ይሂድ ወይም ማሽኑን ይቀይር። እዚህ ላይ ጥገና ቤቶች የሚያቀርቡት ሌላ ሐሳብ አለ፤ መመዘኛውን ዘልሎ 11ን መጫን። ሩፉስ በሚባለው ፕሮግራም ፍላሹ ሲዘጋጅ የቲፒኤም፣ የሴኪውር ቡትና የራም መጠይቁ ሊነሣ ይችላል፤ ይሠራልም። የሚያስከትለውን ግን ዕወቁት። ማይክሮሶፍት ለእንዲህ ዓይነት ማሽን ማስተካከያ ለመላክ ቃል አልገባም። በየወሩ የሚመጣው ሊደርስ ይችላል፤ በየዓመቱ የሚመጣው አዲስ እትም ግን በራሱ አይመጣም፤ ፍላሽ ይዞ እንደገና መጫን ይጠይቃል። አንድ የሆም ወይም የፕሮ እትም የሚደገፈው 24 ወር ነው፤ የሚከታተለው ሰው ከሌለ ማሽኑ በሁለት ዓመት ውስጥ ያው ድጋፍ የሌለው ዊንዶውስ ላይ ይገኛል። ከዚያም በላይ 24ኤች2 የተባለው እትም ኤስኤስኢ4.2 እና ፖፕካውንት የሚባሉ የፕሮሰሰር ትእዛዞችን የግድ ስለሚፈልግ ኮር 2 ዱዎ ላይ ጨርሶ አይነሣም። ራሱ መጠገን ለሚችል ሰው መዝለሉ ያዋጣ ይሆናል፤ ልጆች ለሚማሩበትና ባለሙያ ለማይቀርበው ቤት ግን አልመክረውም።

5ኛ ጄኔሬሽንና ከዚያ በታች ለሆነው ማሽን የእኔ ምርጫ ሊኑክስ ሚንት ነው። 22ኛው እትም እስከ 2021 ዓ.ም. ድረስ የደኅንነት ማስተካከያ ያገኛል፤ 4 ጊጋ ራም ላለው ማሽን ኤክስኤፍሲኢ የሚባለውን ቀላሉን ውሰዱ። መልካም ነገሩ ሳይጫን ከፍላሽ ላይ መሞከር መቻሉ ነው። ፍላሹን ሰክታችሁ፣ ኤችፒ ላይ ኤፍ9፣ ዴልና ሌኖቮ ላይ ኤፍ12 ተጭናችሁ ከፍላሹ አስነሡት፤ ዋይፋዩን፣ ድምፁን፣ ፕሪንተሩን እዚያው ፈትኑ። ዋይፋዩ ካልታየው ስልካችሁን በዩኤስቢ አገናኝታችሁ ቴዘሪንግ ክፈቱ፤ ብዙ ጊዜ ወዲያው ይቀበለዋል፣ ከዚያ የጎደለውን ድራይቨር ያወርዳል። ክሮም፣ ቴሌግራምና ዙም ለሊኑክስ አሉ። ፒችትሪ፣ የአማርኛ መጻፊያው ፓወር ግዕዝና በኮምፒውተር ላይ የሚጫነው ማይክሮሶፍት ኦፊስ የሉም። ሊብረኦፊስ የወርድ ሰነድ ይከፍታል፤ ኒያላ ስለሌለው ግን ገጹ ይዛባል። ለአማርኛ አይባስ-ኤም17ኤን የሚባለውን ጥቅልና አቢሲኒካ ፎንትን ጫኑ። ኮምፒውተሩ ለመማሪያ፣ ለኢንተርኔትና ለፊልም ከሆነ ይበቃል። የሚተዳደሩት በፒችትሪ ከሆነ አይበቃም፤ እዚያ ላይ ማሽኑን መቀየር ነው።

ወደ 11 ለሚሻገሩ

መጀመሪያ አክቲቬሽን የሚለውን ገጽ እዩ። «በዲጂታል ላይሰንስ» የሚል ከሆነ ፈቃዱ ከማዘርቦርዱ ጋር የተያያዘ ነው፤ ወደ 11 ሲሻገር ያለ ክፍያ አብሮ ይሻገራል። ከውጭ የመጡት የቢሮ ላፕቶፖች ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው፤ ፈቃድ እያላቸው በክራክ አክቲቬት የተደረጉም አሉ። «በድርጅት አገልግሎት አክቲቬት ሆኗል» የሚል ከሆነና ማሽኑ የግላችሁ ከሆነ ብዙ ጊዜ ክራክ ገብቶበታል ማለት ነው። ዲፌንደርን አጥፉ ብሎ የሚጠይቅ አክቲቬተር በሩን ራሳችሁ እንድትከፍቱለት እየጠየቀ ነውና እሱን ከነማሽኑ ማጽዳት ይቀድማል።

ከዚያ ባክአፕ። እኛ ዘንድ «ፋይሌ ዲ ላይ ነው» የሚል እምነት አለ፤ ነገር ግን ዴስክቶፕ፣ ዶክመንትስና ዳውንሎድስ ያሉት ሲ ላይ ነው። የቴሌግራም ዴስክቶፕ ያወረዳቸው ፋይሎችም ዳውንሎድስ ውስጥ በራሱ ስም በተከፈተ ፎልደር ይቀመጣሉ፤ ፎርማት ሲደረግ ከሁሉ በፊት የሚረሳው ያ ፎልደር ነው። ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ላይ ቅዱ፣ ከዚያ ነቅላችሁ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ጥቂት ፋይሎችን ከፍታችሁ አረጋግጡ። ፋይሎቹ ሾርትከት ሆነው ከታዩ ቫይረስ ነው፤ ሳታጸዱ አትቀጥሉ።

የዊንዶውስ 11 መጫኛ የሆነው አይኤስኦ ፋይል ከ5 ጊጋ ባይት በላይ ነው። ከማይክሮሶፍት ገጽ የሚሰጠው ማውረጃ ሊንክ ለ24 ሰዓት ብቻ ይሠራል፤ በሞባይል ዳታ እየተቆራረጠ ከቀን በላይ የሚወስድ ከሆነ ሊንኩ ይሞታል። የተሻለ መስመር ያለው ሰው አንድ ጊዜ አውርዶ ለጎረቤት ማካፈል ይችላል፤ የዊንዶውሱ ቋንቋ እስከገጠመ ድረስ ያው ፋይል ለሌላውም ማሽን ይሆናል። ፍላሹ 8 ጊጋ ሆኖም «ፋይሉ ትልቅ ነው» ብሎ አልቀበል ካለ ፎርማቱ ፋት32 ነው ማለት ነው፤ ፋት32 ከ4 ጊጋ በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይዝም። ኤክስፋት ወይም ኤንቲኤፍኤስ አድርጉት። ሰው አሻሽሎ «አክቲቬት የሆነ» ብሎ የሚያዞረውን አይኤስኦ ግን አትቀበሉ። ትክክለኛነቱን ለማየት የፋይሉን ሻ-256 ቁጥር ሰርትዩቲል በሚባለው የዊንዶውስ ትእዛዝ አውጥታችሁ ማይክሮሶፍት ገጹ ላይ ካወጣው ጋር አስተያዩ።

ባዮስ ሞድ ላይ ሌጋሲ (አሮጌው አነሣስ) የሚል ከነበረ እዚህ ጋ አንድ ሥራ አለ። በሌጋሲ የሚነሣ ዊንዶውስ ዲስኩ በአሮጌው ኤምቢአር አከፋፈል የተከፈለ ነው። ዊንዶውስ ውስጥ ያለው ኤምቢአር2ጂፒቲ የሚባል መሣሪያ ፋይል ሳያጠፋ ይቀይረዋል። ኮማንድ ፕሮምፕትን በአድሚኒስትሬተር ከፍታችሁ መጀመሪያ በቫሊዴት፣ ካለፈ ደግሞ በኮንቨርት ታዙታላችሁ፤ ሁለቱም ላይ አላውፉልኦኤስ የሚለው ይጨመራል። ከዚያ ባዮስ ገብታችሁ ሌጋሲውን ወደ አዲሱ አነሣስ፣ ወደ ዩኢኤፍአይ ቀይሩ። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፤ ዲስኩ ሳይቀየር ባዮሱን የቀየረ ሰው «ቡት ዲቫይስ የለም» የሚል ጥቁር ስክሪን ያያል። ያ ከሆነ ወደ ሌጋሲ ሲመለስ ይነሣል። ቫሊዴት ላይ የሚወድቀው ብዙ ጊዜ ዲስኩ ሲ፣ ዲ እና ኢ ተብሎ ስለተሸነሸነ ነው፤ መሣሪያው ከሦስት በላይ ፕራይመሪ ክፍል ወይም ሎጂካል ክፍል ካለ አይሠራም። «ኢ» ላይ ያሉትን ፋይሎች ወደ ኤክስተርናል አውጥታችሁ ክፍሉን ካጠፋችሁት ሊያልፍ ይችላል።

መብራቱንም አስቡበት። ላፕቶፕ ከሆነ ባትሪው 100 ከመቶ ሞልቶ ሳይሰካ አንድ ሰዓት መቆየቱን አስቀድማችሁ ፈትኑ፤ አሮጌ ባትሪ 100 ብሎ በ15 ደቂቃ ይሞታል። ዴስክቶፕ ላይ ትንሽ ዩፒኤስ የሚሰጠው ኮምፒውተሩን የማጥፊያ ጊዜ ነው፤ የማሻሻያውን ጊዜ አይሸፍንም። ክረምት ከሆነ ጠዋት ጀምሩት፤ የጎጃም ነጎድጓድ ከቀትር በኋላ ነው የሚበረታው፣ መብራቱም አብሮ ይሄዳል። ማሻሻያው መሃል ላይ ቢቋረጥ ዊንዶውስ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ነበረበት ይመለሳል። የባዮስ አፕዴት መሃል ላይ ከተቋረጠ ግን ማዘርቦርዱ ሊሞት ይችላል፤ እሱን አስተማማኝ መብራት በሌለበት ቀን አትንኩት።

ሥራው ራሱ አጭር ነው። ሲ ላይ 30 ጊጋ ያህል ባዶ ቦታ አስለቅቁ፣ የውጭ አንቲቫይረስ ካለ አራግፉ፣ ፕሪንተርና ትርፍ ፍላሽ ንቀሉ። ዲስኩን የሚቆልፈው ቢትሎከር በርቶ ከሆነ ሰስፔንድ አድርጉት። አይኤስኦውን ሁለቴ ጠቅ አድርጋችሁ ክፈቱና ሴታፕ የሚለውን አስጀምሩ። አፕዴት ላውርድ ብሎ ሲጠይቅ «አሁን አይደለም» የሚለውን ምረጡ፤ ዳታ ይቆጥባል። ፋይልና ፕሮግራም አቆይ የሚለው ምርጫ መመረጡን እዩ። ያ ምርጫ ከደበዘዘ የአይኤስኦው ቋንቋ ከዊንዶውሳችሁ አይገጥምም ማለት ነው፤ የአሜሪካው እንግሊዝኛና ኢንተርናሽናል የሚባለው እንግሊዝኛ እንደ ሁለት ቋንቋ ይቆጠራሉ። አትቀጥሉ፣ የሚገጥመውን አምጡ። ኤስኤስዲ ላይ አንድ ሰዓት ገደማ ይወስዳል፤ ደጋግሞ ይነሣል። አንድ ቁጥር ላይ ቆሞ ቢዘገይም የዲስኩ መብራት እስካረገበገበ ድረስ አታጥፉት።

ከከሸፈ የሚሰጠውን ቁጥር ጻፉ። 1900101 የሚል ካለበት ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የድራይቨር ነው፤ የዋይፋይና የግራፊክስ ድራይቨሩን ከአምራቹ ገጽ አድሳችሁ እንደገና ሞክሩ። 1900208 የሚል ካለበት የማይስማማ ፕሮግራም አለ። 80070070 የሚል ካለበት ቦታ ጠቧል። «ሲስተም ሪዘርቭድ ክፍሉን ማደስ አልቻልንም» የሚል ከሆነ ደግሞ ጠባቡ ሲ ሳይሆን የቡት ክፍሉ ነው።

ከተሻገራችሁ በኋላ ወዲያው ማየት ያለባችሁ ኢንክሪፕሽኑን ነው። 11 ከባዶ ተጭኖ በማይክሮሶፍት አካውንት ሲከፈት ዲስኩን በራሱ ሊቆልፈው ይችላል፤ መክፈቻው ባለ 48 አሃዝ ቁጥር ሲሆን የሚቀመጠው አካውንቱ ውስጥ ነው። ጥገና ቤት በራሱ ኢሜይል ከከፈተላችሁ ቁልፉ የሚሄደው ወደዚያ ሰው አካውንት ነው። ባዮስ አንድ ቀን ሪሴት ሲሆን ኮምፒውተሩ ቁጥሩን ይጠይቃል፤ ከሌላችሁ ፋይሉን የሚመልስ ባለሙያ የለም። በራሳችሁ ኢሜይል ክፈቱ፣ ቁጥሩን ወረቀት ላይ ገልብጣችሁ ከቤቱ ሰነድ ጋር አስቀምጡ፤ ወይም ዲቫይስ ኢንክሪፕሽን የሚለውን አጥፉት።

ወደ 10 መመለሻው 10 ቀን ብቻ ክፍት ነው፤ ሴቲንግ፣ ሲስተም፣ ሪከቨሪ ውስጥ ጎ ባክ በሚለው። ከዚያ በኋላ አሮጌው ዊንዶውስ የተቀመጠበት ፎልደር ይጠፋል። ስለዚህ በእነዚያ ቀናት ውስጥ በወር አንዴ ብቻ የምትነኩትን ሁሉ ሆን ብላችሁ ንኩት። አሮጌው ፕሪንተር አንድ ገጽ ያትም፣ ስካነሩ አንድ ወረቀት ያንብብ፣ ፒችትሪው የባለፈውን ወር ሪፖርት ያውጣ፣ በኒያላ የተጻፈው ፈተና በሁለት ገጽ ይለቅ። ከእነዚህ አንዱ በ8ኛው ቀን ካልሠራና ድራይቨሩ ካልተገኘ፣ ጎ ባክ የሚለውን ተጫኑና ዊንዶውስ 10 ላይ በተራዘመው ማስተካከያ ተመዝገቡ።